ይቅር የማይል ሰው ሁሉ ቂመኛ ነው እንዴ?

አንድ ቤት ያደጉ ሁለት እህትማማቾችን አስቡ። የቅርብ ዘመዳቸው የሁለቱንም ገንዘብ ወስዶ ካዳቸው እንበል። በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ። አንደኛዋ በወሩ ስልኩን ታነሳለታለች፣ ትስቃለች፣ «በቃ ያለፈው አለፈ» ትላለች። ሌላዋ ዓመታት አልፈውም ስሙ ሲነሳ ፊቷ ይለዋወጣል። ሰው ደግሞ ለመፍረድ አይዘገይም። የመጀመሪያዋ ሆደ ሰፊ፣ ሁለተኛዋ ቂመኛ። አለቀ።

እኔ ይሄ ፍርድ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን ግፍ ነው ባይ ነኝ። ባሕርይና አስተዳደግ ይቅር ለማለት ባለን ዝግጁነት ላይ ድርሻ አላቸው፤ ይሄ በጥናት ደጋግሞ የታየ ነው። ድርሻቸው ግን ብዙዎቻችን የምናስበውን ያህል አይደለም። የተበዳዩ ማንነት ከሚነግረን ይልቅ በዳዩ ከበደሉ በኋላ ያደረገው ነገር የበለጠ ይነግረናል። በማኅበራዊ ሚዲያ ግን ነገሩ ተገልብጧል። «ለራስህ ስትል ይቅር በል» የሚለው ምክር በየቀኑ ይዘንባል። ለበዳዩ የሚሰጥ ምክር ፈልገህም አታገኝ።

መጀመሪያ ስለምን እንደምናወራ እንስማማ። ተመራማሪዎች ይቅርታን የሚለኩት «ይቅር ብለሃል ወይ?» ብለው በመጠየቅ ብቻ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማይክል ማክካሎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት መጠይቅ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ነገር ይፈትሻል። የበደለህን ሰው ምን ያህል መሸሽ ትፈልጋለህ? ምን ያህልስ አንድ ነገር እንዲደርስበት ትመኛለህ? ቆየት ብሎ ሦስተኛ ነገር ታከለበት፤ ለሰውየው በጎ መመኘት። እነዚህ ሦስቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በቀል የሚባል ነገር በሐሳቧ የማይዞር፣ ግን ያንን ሰው ዳግም በዓይኗ ማየት የማትፈልግ ሴት አለች። በዚህ መጠይቅ ሚዛን ከይቅርታው መንገድ ጥሩ ክፍሉን ሄዳለች። በሰው ወሬ ግን ቂመኛ ናት።

ሌላው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቨረት ወርዚንግተን ደግሞ ሌላ ልዩነት ያስቀምጣል። በውሳኔ ይቅር ማለት አለ፣ በስሜት ይቅር ማለት አለ። በመጀመሪያው «አልበቀልም፣ እንደ ሰው አስተናግደዋለሁ» ብለህ ትወስናለህ፤ አንድ ከሰዓት ሊበቃ ይችላል። ሁለተኛው ውስጥህ ያለው ምሬት ራሱ ቀስ እያለ በሌላ ስሜት ሲተካ ነው፤ ይሄኛው በትእዛዝ አይመጣም። ወርዚንግተን ይህን የሚለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቶ አይደለም። ይቅርታን ማጥናት ከጀመረ ከዓመታት በኋላ፣ በ1996 አዲስ ዓመት መግቢያ ላይ እናቱ ቤታቸውን ሰብሮ በገባ ሰው ተገድለዋል። የሚያስተምረውን ነገር በራሱ ላይ መሞከር ነበረበት።

አሁን ወደ ባሕርይ እንምጣ።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች የሰውን ባሕርይ ሲለኩ ብዙ ጊዜ በአምስት ትልልቅ ዘርፎች ይከፍሉታል። ለአዲስ ነገር ክፍት መሆን፣ ጥንቁቅነት፣ ከሰው ጋር መቀላቀል መውደድ፣ ከሰው ጋር መስማማት፣ እና የስሜት አለመረጋጋት። ወደ ይቅርታ ስንመጣ ከአምስቱ ሁለቱ ናቸው ዋና ተዋናዮች። ከሰው ጋር የመስማማት ዝንባሌው ከፍ ያለ ሰው ይቅር ለማለት ይቀናዋል። ስሜቱ ቶሎ የሚናወጥ፣ በእኛ አነጋገር ሆደ ባሻ የምንለው ዓይነት ሰው ይከብደዋል። የቀሩት ሦስቱ ያላቸው ግንኙነት ደካማ ነው ወይም ከጥናት ጥናት ይለዋወጣል።

የሚገርመኝ ሁለቱ የሚሠሩት በተለያየ ቦታ መሆኑ ነው። ተስማሚው ሰው ገና ከመነሻው በደሉን ሌላ ስም ይሰጠዋል። «ምናልባት ጭንቀት ላይ ሆኖ ይሆናል»፣ «ሆን ብሎ አይመስለኝም» ይላል። በበዳዩ ጫማ ቶሎ ይቆማል። ስለዚህ ይቅር የሚለው ነገር ራሱ ከመጀመሪያው ትንሽ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሆደ ባሻው ግን መጀመሪያም ጉዳቱ ጠልቆ ይሰማዋል፣ ከዚያ ሌሊት ተኝቶ ነገሩን ያመላልሰዋል። ምን እንዳለው፣ እንዴት እንዳለው፣ ያኔ ምን ብሎ መመለስ እንደነበረበት።

ይሄ ነገር ማብሰልሰል ቀላል ጉዳይ አይደለም። ማክካሎ፣ ቦኖና ሩት በ2007 ባወጡት ጥናት የተበደሉ ሰዎችን በተከታታይ ቀናት ተከታትለዋቸው ነበር። ሰውየው ከወትሮው በላይ ነገሩን ሲያመላልስ በዋለበት ጊዜ ቁጣው ይጨምራል፣ ይቅር የማለት ስሜቱ ደግሞ ይቀንሳል። ልብ በሉ፣ እዚህ የሚወዳደረው አንድ ሰው ከሌላ ሰው ጋር አይደለም። ያው ሰው ከራሱ ጋር ነው፣ የትናንቱ ከዛሬው ጋር። ስለዚህ «እሱ ቂመኛ ነው» ከማለት «በዚህ ሰሞን ነገሩን ማላመጥ አላቆመም» ማለት ብዙ ጊዜ ለእውነቱ ይቀርባል። ማላመጥ ደግሞ የክፋት ምልክት አይደለም። ብዙ ጊዜ መልስ ያላገኘ ጥያቄ ነው የሚመላለሰው።

ሌላ ባሕርይ አለ፣ ከሁለቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ። ጁሊ ኤክስላይንና ባልደረቦቿ በ2004 ባሳተሙት ሥራ «ይገባኛል» የሚል ስሜት የበዛባቸውን፣ ራሳቸውን ከሌላው ከፍ አድርገው የሚያዩ ሰዎችን ተመልክተዋል። እነዚህ ሰዎች ይቅር ለማለት ዳተኞች ሆነው ተገኝተዋል። ምክንያቱም ለእነሱ በደል ማለት ያልተከፈለ ዕዳ ነው፣ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ ደግሞ ምንም ንቅንቅ የለም። ይቅር ማለት ለእነሱ ኪሳራ ነው። ችግሩ እንዲህ ያለው ሰው ከውጭ ሲታይ ቂመኛ አይመስልም። ጨዋታ አዋቂ ሊሆን ይችላል፣ በሰው መሀል የሚወደድ ሊሆን ይችላል። ዝም ብላ ጥግ የያዘችዋን ሆደ ባሻ ቂመኛ እያልን ስናማ እሱ ከነሒሳብ ደብተሩ አብሮን ይስቃል።

ራስን የመግዛት አቅምም ይጨመር። በ2010 ፕሮንክና ካሬማንስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት እንደሚያሳየው ሐሳቡን መቆጣጠር፣ ትኩረቱን ከአንድ ነገር ነቅሎ ወደ ሌላ ማዞር የሚችል ሰው ይቅር ማለት ይቀለዋል፤ በተለይ በደሉ ከባድ ሲሆን። ለጥቃቅኗ ነገር ይሄ አቅም ብዙም አያስፈልግም። ከባዱ ሲመጣ ነው ልዩነቱ የሚታየው። ድካም፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የኑሮ ጫና ይሄንኑ አቅም እንደሚበሉ እናውቃለን። እንግዲህ በሦስት ችግር ተወጥራ የምትውል ሴት ለምን ቶሎ ይቅር አላለችም ብሎ መጠየቅ ትንሽ አያሳፍርም?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ባሕርይ ይቅርታን «ያብራራል» የሚሉ ጥናቶችን ስታነቡ ትንሽ ጠርጠር አድርጉ። ባሕርይን በአምስት ሳይሆን በስድስት ዘርፍ የሚከፍለው የካናዳውያኑ ተመራማሪዎች የሊ እና የአሽተን መለኪያ ይቅር ባይነትን የተስማሚነት አንዱ ክፍል አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ይቅር ባይ መሆንህን ጠይቆ ተስማሚ ነህ ይልሃል፣ ከዚያ ተስማሚ ስለሆንክ ይቅር ትላለህ ብሎ ይመልስልሃል። ይሄ ግኝት አይደለም፣ ክብ ዙረት ነው። ጥሩ ተመራማሪዎች ይሄንን ስለሚያውቁ ለይተው ይለኩታል። በየገጹ የሚለጠፉት «የባሕርይ ምርመራዎች» ግን እንዲህ ያለ ጭንቀት የለባቸውም።

አስተዳደግስ? ከጆን ቦልቢና ከሜሪ ኤንስወርዝ ጀምሮ በልጅነት ከአሳዳጊ ጋር ስለሚፈጠር ትስስር ብዙ ተጽፏል። ሲያለቅስ የሚመጣለት ሰው የነበረው ልጅ፣ ሲያድግ ሰው ቢያጠፋም ግንኙነት እንደማይበጠስ በውስጡ ያምናል። ተጣልቶ መታረቅ የሚባል ነገር እንዳለ በሕይወቱ አይቶታል። እንዲህ ያሉ ሰዎች ይቅር ለማለት እንደሚቀናቸው በጓደኝነትም በትዳርም ላይ በተሠሩ ጥናቶች ታይቷል። እንዲህ ያለ አሳዳጊ ያልነበራቸው የሚሄዱባቸው ሁለት መንገዶች ግን አንድ አይደሉም። አንዱ «ይተወኛል» በሚል ፍርሃት ያደገው ነው። ይሄ ሰው ቁስሉን መተው ያቅተዋል፣ ያመላልሰዋል፣ ግን ግንኙነቱም እንዳይቀርበት ስለሚፈራ ከልቡ ሳይሆን ይቅር ብያለሁ ሊል ይችላል። ሌላው በሰው መደገፍ ዋጋ እንደሌለው ተምሮ ያደገው ነው። እሱ ደግሞ «ምንም አልሆንኩም» ብሎ ይሄዳል። ከውጭ ስታዩት የይቅርታ አባት ይመስላል። ውስጡ ግን በሩን ዘግቶ፣ ቁልፉን ይዞ ሄዷል። ከላይ የጠቀስኩት መጠይቅ መሸሽን ለብቻው የሚጠይቀው ይህን መሰሉን ሰው እንዳያመልጠው ነው ብንል አንሳሳትም።

ዕድሜም አለ። ዢራርና ሙሌ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 ፈረንሳይ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 96 የሆኑ ሰዎችን ጠይቀው ነበር። ከወጣቶቹ ይልቅ አዛውንቶቹ ይቅር ለማለት ዝግጁ ሆነው ተገኙ። ለምን? አንዱ ማብራሪያ ከሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ከላውራ ካርስተንሰን ንድፈ ሐሳብ የሚመጣ ነው። ሰው የቀረው ጊዜ አጭር መሆኑ ሲሰማው ለውስጥ ሰላሙና ለቅርብ ሰዎቹ ቅድሚያ ይሰጣል፣ ለጠብ የሚሆን ጊዜም ጉልበትም አይተርፈውም። እኔ ሌላም እጨምራለሁ፤ ያረጀ ሰው ራሱም ብዙ አጥፍቶ አይቷል። ይሄን የኔን ግምት የሚደግፍ ነገርም አለ። ኤክስላይንና ባልደረቦቿ በ2008 ባሳተሙት ጥናት «እኔም እንዲህ ያለ ነገር ልሠራ እችል ነበር» ብሎ ማሰብ የቻለ ሰው ይቅር ለማለት ይቀርባል፣ በተለይ ወንዶች ላይ ይሄ በደንብ ታይቷል።

ጾታን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። በ2008 ሚለር፣ ወርዚንግተንና ማክዳንኤል ቀደም ያሉ ጥናቶችን ሰብስበው ሲደምሩ ሴቶች ከወንዶች ትንሽ ከፍ ብለው ተገኝተዋል። ትንሽ ነው፣ ሁለቱ ጾታዎች በአብዛኛው የሚደራረቡበት ዓይነት ልዩነት። «ሴት ልጅ ሆዷ ሰፊ ነው» እያሉ ሴቷን ብቻ ለይቅርታ መግፋት ከዚህ ቁጥር አይወጣም።

ሃይማኖቱ ግን ቆም ብለን ልናየው የሚገባ ነው። ሃይማኖተኛ ሰዎች ይቅርታን ከፍ አድርገው እንደሚያዩት፣ ራሳቸውንም ይቅር ባይ ብለው እንደሚገልጹ ደጋግሞ ታይቷል። ማክካሎና ወርዚንግተን በ1999 ግን አንድ የማይመች ነገር ጠቆሙ። ጥያቄው «በአጠቃላይ ይቅር ባይ ነህ ወይ?» መሆኑ ይቀርና «ያ ሰው ያን ቀን ያደረገብህን ይቅር ብለሃል?» ሲሆን፣ በሃይማኖተኛውና ሃይማኖተኛ ባልሆነው መካከል ያለው ልዩነት በጣም ይጠብባል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለውን ያወጡት ሰዎች ይህን ለማወቅ መጠይቅ አላስፈለጋቸውም። ይሄን የምለው በአማኞች ላይ ለመሳለቅ አይደለም። የልኬት ጉዳይም አለበት፤ አንድን በደል ብቻ ነጥሎ መጠየቅ የሰውን አጠቃላይ አካሄድ አያሳይም፣ ጻንግና ማክካሎን ጨምሮ ይሄን የተከራከሩ አሉ። ግን ማመንና ማድረግ የሚለያዩበት ቦታ መኖሩን ማን ይክዳል?

የኋላ ታሪክ ብቻውን ሰውን እንደማይወስነው ለማየት ደግሞ የኢቫ ሞዘስ ኮርን ጉዳይ እንመልከት። ኮር በልጅነቷ ከመንትያ እህቷ ከሚርያም ጋር አውሽዊትዝ የተባለው የናዚዎች የሞት ካምፕ ገብታ የናዚው ሐኪም የመንገለ «ምርምር» ተደርጎባታል። ወላጆቿንና ሁለት ታላላቅ እህቶቿን እዚያ አጥታለች። በ1995፣ ካምፑ ነፃ በወጣ በ50 ዓመቱ፣ እዚያው ሄዳ ይቅር ማለቷን በይፋ አወጀች። በ2015 ደግሞ ጀርመን ሉነቡርግ ከተማ፣ በአውሽዊትዝ ያገለገለው፣ ኤስኤስ የተባለው የናዚ ኃይል የቀድሞ አባል ኦስካር ግሮኒንግ ሲዳኝ ከከሳሾቹ አንዷ ሆና መጥታ እጁን ጨበጠችው። ሌሎች ከሳሾች ተቆጡ። እኛ ቤተሰቦቻችንን በገደለው ነገር የተባበረን ሰው ይቅር የማለት ሥልጣን የለንም፣ ሟቾቹ ናቸው እንጂ የሚል ሐሳብ ያለው መግለጫ አወጡ። ግሮኒንግ በ300,000 ሰዎች ግድያ በመተባበር ጥፋተኛ ተባለ።

ያው ካምፕ፣ ያው ዘመን፣ ያው ዓይነት ሐዘን። ድምዳሜው ግን ለየቅል። የኮር ይቅርታ ለራሷ ነፃ መውጫ ነበር፤ ደጋግማም እንዲያ ትለው ነበር። የሌሎቹ እምቢታ ደግሞ ከቂም ጋር ምን አገናኘው? የሞራል አቋም ነው። ይቅርታ ማን ለማን ነው የሚሰጠው የሚል ጥያቄ ነው። በባሕርይ መጠይቅ ብትለኩት ምናልባት የኮርም የእነሱም ነጥብ እኩል ይወጣ ይሆናል።

እስካሁን ያወራነው ስለ ተበዳዩ ነው። አሁን ሚዛኑን እናዙረው።

በ2010 ራያን ፌር፣ ሚሼል ጌልፋንድና ሞኒሻ ናግ 175 ጥናቶችን፣ በድምሩ የ26,006 ሰዎችን መረጃ ሰብስበው ደምረው ነበር። ሜታ አናሊሲስ የሚባለው ነው። ከይቅርታ ጋር ጠንከር ብለው የተያያዙት ነገሮች የትኞቹ ሆኑ? በዳዩ ሆን ብሎ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ግምት፣ ተበዳዩ በዚያ ጉዳይ ላይ ለበዳዩ የሚሰማው ርኅራኄ፣ የቁጣው መጠን፣ ይቅርታ ተጠይቋል ወይስ አልተጠየቀም የሚለው። ቋሚ ባሕርይ ከእነዚህ ኋላ ቀርቷል። ጾታና ዕድሜን የመሰሉ መለያዎች ደግሞ ጭራሽ ኋላ። በአጭሩ «ማን ነህ?» ከሚለው ይልቅ «ምን ደረሰብህ፣ ከዚያስ ምን ተደረገ?» የሚለው ይበልጣል።

ርኅራኄው ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። ማክካሎ፣ ወርዚንግተንና ራሻል በ1997 እንዳሳዩት፣ በዳዩ ይቅርታ ሲጠይቅ የተበዳዩ ርኅራኄ ይነሣል፣ ይቅርታው የሚመጣው በዚያ በኩል ነው። ስለዚህ ርኅራኄ የጎደላት የምትመስለዋ ሴት ማንም መጥቶ «አጠፋሁ» ያላላት ልትሆን ትችላለች።

ይቅርታ አጠያየቅም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሮይ ለዊኪና ባልደረቦቹ በ2016 ባወጡት ሥራ ይቅርታ መጠየቅን ለስድስት ከፈሉት። መጸጸትን መግለጽ፣ ምን እንደተፈጠረ ማስረዳት፣ ኃላፊነት መውሰድ፣ ዳግም ላለማድረግ ቃል መግባት፣ ጉዳቱን ለመጠገን መነሣት፣ በመጨረሻም ይቅር በሉኝ ማለት። 755 ሰዎች ከተሳተፉባቸው ሁለት ሙከራዎች የወጣው ነገር ግልጽ ነው። ትልቁ «ጥፋቱ የኔ ነው» ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «ላስተካክለው» የሚለው ነው። ከሁሉ ያነሰ ክብደት ያለው «ይቅር በለኝ» የሚለው ጥያቄ ነው። እና አብዛኛው የምንሰማው ይቅርታ የትኛውን ይዟል? «ቅር ያሰኘሁት ሰው ካለ ይቅርታ።» በቃ። ከስድስቱ በጣም ቀላሏን ብቻ፣ እሷንም በ«ካለ» አጅቦ።

የዚህ አንዱ ምክንያት በዳይና ተበዳይ አንድ ዓይነት ታሪክ አለመያዛቸው ነው። ባውማይስተር፣ ስቲልዌልና ዎትማን በ1990 ሰዎች አንድ ጊዜ የበደሉበትን፣ አንድ ጊዜ የተበደሉበትን ታሪክ እንዲጽፉ አደረጉ። ጸሐፊው ያው ሰው ነው። በዳይ ሆኖ ሲጽፍ ግን ምክንያት ነበረኝ ይላል፣ ነገሩም ያለፈና የተዘጋ ነው። ተበዳይ ሆኖ ሲጽፍ ያ በዳይ ምክንያት የለሽ ነው፣ ጉዳቱም እስከ ዛሬ ይዘልቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ማለት ይሄው ነው። ወንጃዩና ተወንጃዩ አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጠው እንኳን አይስማሙም።

እስቲ ደግሞ ይቅር ማለት ለጤና ጥሩ ነው የሚለውን እንየው፣ ምክንያቱም ግፊቱ ሁሉ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው። እውነትነት አለው። ሻርሎት ዊትቭሊትና ባልደረቦቿ በ2001፣ 71 ተማሪዎችን የበደላቸውን ሰው በሁለት መንገድ እንዲያስቡ አድርገው ነበር፤ አንድ ጊዜ ቂም ይዘው፣ አንድ ጊዜ ይቅር ብለው። ቂሙን ሲያስቡ የልብ ምታቸውና የደም ግፊታቸው ከፍ ይላል፣ ላባቸው ይጨምራል፣ ግንባራቸው ይቋጠራል። ሰውነት ይከፍላል ማለት ነው። ነገር ግን ይሄ ላቦራቶሪ ውስጥ በደቂቃዎች ሐሳብ የታየ ነገር ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ይቅር ካላልክ ትታመማለህ» ብሎ ማስፈራራት፣ ለተበደለው ሰው ሁለተኛ በደል ነው የሚመስለኝ።

ሌላኛው ወገን ደግሞ ብዙ አይወራለትም። ጄምስ ማክነልቲ አዲስ የተጋቡ ጥንዶችን ያጠናል። በ2011 ባወጣው ሥራ 72 ጥንዶችን በመጀመሪያዎቹ አራት የትዳር ዓመታት ተከታትሏል። የትዳር ጓደኞቻቸውን ይቅር የማለት ዝንባሌያቸው ዝቅ ያለ ሰዎች፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚደርስባቸው የቃልና የአካል ጥቃት እየቀነሰ ሄደ። ይቅር ባዮቹ ላይ ግን ሳይቀንስ ባለበት ቀጠለ። ላውራ ሉቺስና ባልደረቦቿም በ2010 ሌላ ነገር አሳዩ። በዳዩ ለውጥ ሳያሳይ፣ ላጠፋው ሳይክስ ይቅር የሚሉ ሰዎች ለራሳቸው ያላቸው ክብር ይሸረሸራል። በዳዩ ከተስተካከለ ግን ያው ይቅርታ ክብራቸውን ከፍ ያደርገዋል። ድርጊቱ አንድ ነው፣ ውጤቱ ግን በሌላኛው ሰው እጅ ነው።

ባሕርይ እንደገና የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፣ ግን የተበዳዩ አይደለም። ማክነልቲና ራስል በ2016 ይቅርታ ሲደረግላቸው ዳግም የሚያጠፉት እነማን ናቸው ብለው ጠየቁ። መልሱ በበዳዩ ተስማሚነት ይወሰናል የሚል ሆነ። ተስማሚ ባሕርይ ያለው በዳይ ይቅር ሲባል ውለታ ይሰማዋል፣ ጥፋቱን ይቀንሳል። ተስማሚ ያልሆነው ግን ይቅርታውን «ምንም አይመጣብኝም» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ይጨምርበታል። እስቲ አስቡት፣ ለስንት ዓመት ስለ ተበዳዩ ባሕርይ ስናወራ ኖረን ጥያቄው ለካ ሌላኛው ሰው ጋ ነበር። ትናንት ይቅር ስለው ዛሬ ምን አደረገ? ይሄን የሚመልስ ሰው ከማንኛውም የባሕርይ ምርመራ የተሻለ መረጃ ይዟል።

ራስን ይቅር ማለት የሚባለውም ሰሞነኛ ነገር ሆኗል። ታንግኒ፣ ቡንና ዲሪንግ በ2005 ራሳቸውን በቀላሉ ይቅር የሚሉ ሰዎችን ሲመረምሩ ያገኙት ነገር ብዙ አያስደስትም። በአማካይ ሲታዩ ራስ ወዳድነት ይበዛባቸዋል፣ ኀፍረትና የጥፋተኝነት ስሜት ያንሳቸዋል፣ ለሌላው ያላቸው ርኅራኄም ዝቅ ያለ ነው። ይሄ ራሳቸውን ለዓመታት ሲቀጡ የኖሩትን አይመለከትም፤ እነሱ እርዳታ ይገባቸዋል። ግን ትናንት ያጠፋ ሰው ዛሬ «ራሴን ይቅር ብያለሁ፣ ወደፊት ልቀጥል» ብሎ ሲለጥፍ፣ የበደለውን ሰው አናግሮ እንደሆነ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ታዲያ ባሕርዩ የከበደበት፣ አስተዳደጉም ያላገዘው ሰው ተስፋ የለውም? አለው፣ በደንብ አለው። ወርዚንግተን ያዘጋጀው ዘዴ አምስት ደረጃዎች አሉት። ጉዳቱን ራስን እንደ ሰለባ ብቻ ሳያዩ ማስታወስ፣ በዳዩን ለመረዳት መሞከር፣ እኔም አንድ ጊዜ ይቅር ተብዬ ነበር ብሎ ይቅርታን እንደ ስጦታ ማሰብ፣ ውሳኔውን በጽሑፍ ወይም በቃል ማጽናት፣ እና ጥርጣሬ ሲመጣ ውሳኔውን አለመልቀቅ። በ2024 የታተመ ትልቅ ሙከራ ይህንን ዘዴ የያዘ የልምምድ ደብተር በአምስት አገሮችና ግዛቶች፣ በኮሎምቢያ፣ በሆንግ ኮንግ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በደቡብ አፍሪካና በዩክሬን ለ4,598 ሰዎች ሞክሮት ነበር። ግማሾቹ ደብተሩን ወዲያው ወሰዱ፣ ግማሾቹ እንዲጠብቁ ተደረገ። ብቻውን ተቀምጦ ለሚሠራው ሰው ሦስት ሰዓት ገደማ የሚወስድ ሥራ ነው። ወዲያው የወሰዱት ሰዎች ቂማቸው ቀነሰ፣ ጭንቀታቸውና ድብርታቸውም ቀለል አለ። ከልጅነት የመጣ ትስስር ወይም የተወለዱበት ጠባይ ሳይቀየር ማለት ነው።

በዚህ ዘዴ ውስጥ በጣም የምወደው ግን የሌለው ነገር ነው። ከአምስቱ ደረጃዎች አንዱም መታረቅ አይደለም። ወርዚንግተን እርቅን ለብቻው ነው የሚያስቀምጠው፣ ምክንያቱም እርቅ እምነትን እንደገና መገንባት ስለሆነ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ደብተሩን ግን አንድ ሰው ብቻውን፣ በዳዩ ሳያውቅ፣ በሩንም ሳይከፍትለት ሊጨርሰው ይችላል።